መልስ፦ አልፎንሶ ዴቪስ እንዴት ተከላካይ ሆነ?

ሰላም ወንድሜ፣ «ካናዳ ተወልዶ በአጥቂነት ያደገውን ዴቪስን ማን ተከላካይ አደረገው?» ላልኸው፣ ምክንያቱ የቡድን ጓደኞቹ ጉዳት ነው። የጀርመኑ ክለብ ባየርን ሙኒክ ከካናዳው ክለብ ቫንኩቨር ያስመጣው ለግራ ክንፍ አጥቂነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 መጸው ተከላካዮቹ ኸርናንዴዝና ዙሌ ሲጎዱ የግራ ተከላካዩ አላባ ወደ መሀል ተከላካይነት ተዛወረ፤ ክፍት የቀረው የግራ መስመርም ለዴቪስ ተሰጠ።

እኔ ግን ቦታው ለእርሱ የተፈጠረ ይመስለኛል። ከኋላ ሲነሣ ፊቱ ሰፊ ሜዳ ያገኛል፤ ተጋጣሚ ቢያመልጠው እንኳ ሮጦ ይደርስበታል። በነሐሴ 2020 ሊዝበን ላይ ባርሴሎና በባየርን 8 ለ 2 ሲሸነፍ፣ የባርሴሎናውን ተከላካይ ሴሜዶን አልፎ ለቡድን ጓደኛው ለኪሚሽ ያቀበላትን ኳስ ፈልገህ ተመልከት! ባየርን በዚያው ወር የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሣ።

የትውልድ ቦታው ግን መታረም አለበት፤ ይህን ሳይጠቅሱ ስለ እርሱ ማውራት አልወድም። የተወለደው በ2000 ጋና ውስጥ፣ ቡዱቡራም በተባለ የስደተኞች መጠለያ፣ ከላይቤሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ከሸሹ ወላጆች ነው። ካናዳ የገባው በአምስት ዓመቱ ሲሆን ዜግነት ያገኘው በ2017 ነው፤ ዜግነቱን ባገኘበት ወርም ለካናዳ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። በኳታር ክሮኤሺያ ላይ ያስቆጠራት ግብም የካናዳ ወንዶች በዓለም ዋንጫ ያገቧት የመጀመሪያዋ ናት።