ቮሊዩሙን ከመጨመራችሁ በፊት

ልጆች፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ትንሽ ነገር ነው። ሄድፎን አድርጋችሁ አማተር ራዲዮ (ሰዎች ለፍላጎታቸው እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ራዲዮ) ስታዳምጡ ከጀርባ ሽሽሽ እያለ የማይቆም ቀጭን ድምፅ አለ አይደል? እኔ ሽሽታ እለዋለሁ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ራዲዮ ስጠግን ነው። ቀን የሰው ራዲዮ ስፈታ እውልና ማታ የራሴን እከፍታለሁ። ወጣት ሳለሁ ሽሽታው ሲበዛብኝ የማውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ ቮሊዩም መጨመር። ደካማዋን ምልክት ለመስማት ስል ሽሽታውንም አብሬ አጎላው ነበር። ሌሊት ሄድፎኑን ሳወልቅ ክፍሉ ጸጥ ብሏል፣ ጆሮዬ ግን ሽሽ ማለቱን ይቀጥላል። ሲነጋ ይተወኛል። ከዓመታት በኋላ ሲነጋም አልተወኝም። ይህን ስጽፍ እንኳ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ቀጭን ፉጨት አለ። ማጥፊያ የለውም።

በቅርቡ አንድ ወጣት ራዲዮውን ታቅፎ መጣ። "ጋሼ፣ ተበላሽቷል መሰለኝ፤ ሽሽታው ሊያሳብደኝ ነው" አለኝ። ከፍቼ አየሁት። ራዲዮው ምንም አልሆነም። ሄድፎኑን ተቀብዬ ሳየው ለሙዚቃ የተሠራ፣ አሪፍ ዕቃ ነው። ችግሩም እሱ ነበር። ለዚህ ሥራ ከሚፈለገው በላይ ጎበዝ ነው።

ጥሩ የሙዚቃ ሄድፎን ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ያሰማል። ኤስ ኤስ ቢ በሚባለው የማስተላለፊያ ዘዴ የሰው ንግግር የሚያልፈው ግን በግምት ከ300 እስከ 2,700 ኸርዝ ባለው ውስጥ ነው። ሞርስ (በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚላክ ፊደል) ከሆነማ ብዙዎቻችን የምንሰማው 600 ወይም 700 ኸርዝ አካባቢ ያለች አንዲት ቃና ናት። ታዲያ ከ3,000 በላይ ምን አለ? እዚያ ማንም አያወራችሁም። ያለው ሽሽታ ነው። ራዲዮው ውስጥ ጠባብ ፊልተር (ማጣሪያ) ቢኖርም ከፊልተሩ በኋላ ያሉት ማጉያዎች የራሳቸውን ሽሽታ ይጨምሩበታል፤ ያንን የሚያጣራው የለም። የባሰው ደግሞ ጆሯችን ከሁሉ ይልቅ የሚነቃው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ አካባቢ ላለ ድምፅ መሆኑ ነው። ሽሽታው ልክ ስሱ ቦታችን ላይ ነው የሚያርፈው።

ሽሽታን ከነአካቴው ማጥፋት አይቻልም። በ1928 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራ የነበረው ጆን ጆንሰን ማንኛውም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ) ከሙቀት የተነሳ የራሱ ጫጫታ እንዳለው በልኬት አሳየ፤ ባልደረባው ሃሪ ናይክዊስት ደግሞ ስሌቱን ሠራለት። ከዚያ ስሌት ለእኛ የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። የጫጫታው ኃይል የሚያድገው በምታዳምጡት የኸርዝ ስፋት ልክ ነው። 10,000 ኸርዝ ስፋት ወደ 2,500 ብታጠቡት የሽሽታው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ማለት ነው። ንግግሩ ላይ ግን የሚጎድል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ካውያ ከማሞቃችሁ በፊት ግን ሽሽታው ከየት እንደሚመጣ እወቁ። ወጣቶች እዚህ ላይ ትቸኩላላችሁ። ቮሊዩሙን እስከ ዜሮ አውርዱት። አሁንም ሽሽ ካለ ጥፋቱ የመጨረሻው ማጉያ ነው፤ አንቴናና ባንድ (የምታዳምጡት የሞገድ ክልል) ምንም አላደረጓችሁም። ዜሮ ላይ ጸጥ ካለ ቮሊዩሙን መልሳችሁ አንቴናውን ንቀሉ። ጫጫታው በግልጽ ከወረደ ከውጭ እየገባ ነው። ካልወረደ ራዲዮው ራሱ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ይህን ሳላደርግ አንድ ሙሉ ሳምንት ደህና ማጉያ ስፈታና ስገጥም ከርሜ፣ ጫጫታው የመጣው ጠረጴዛዬ ላይ ከተሰካው ቻርጀር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ከውጭ የሚገባ ከሆነ ራዲዮውን በባትሪ አስነሱና የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጥፉት። ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ አዳምጡ። ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖል፣ የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ፤ ሌባው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። የዕቃውን ገመድ ፌራይት በሚባል፣ የማግኔት ባሕርይ ባለው ቀለበት ላይ ደጋግሞ መጠምጠም ብዙውን ያበርደዋል። ዝቅተኛ ባንዶች ላይ ደግሞ ፕሪአምፑን (የመጀመሪያውን ማጉያ) አጥፉ፣ አር ኤፍ ጌኑንም (ከአንቴና የሚመጣውን ምልክት የማጉላት መጠን) ትንሽ ቀንሱት። እዚያ የሰማዩ ጫጫታ ራሱ ከራዲዮው ሽሽታ ይበልጣል፤ ማጉላቱ ትርፍ የለውም።

ጥፋቱ የመጨረሻው ማጉያ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። የዛሬ ሄድፎኖች በትንሽ ኃይል ይጮሃሉ፤ ስለዚህ የማጉያውን ትንሿን ሽሽታ ሁሉ ያሰማሉ። ባለ 32 ኦም (የመግታት አቅም መለኪያ) ሄድፎን ከሆነ 100 ኦም ሬዚስተር በመስመሩ ላይ በተርታ አስገቡ። ሁሉም ነገር ወደ 12 ዴሲቤል ይወርዳል። ከዚያ ቮሊዩሙን ጨምሩና ንግግሩን ወደ ቦታው መልሱት። ሽሽታው ግን ከቮሊዩሙ በኋላ የሚፈጠር ስለሆነ አብሮ አይወጣም። እዚያው እንደወረደ ይቀራል። ቮሊዩም መጨመር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ለእሱ ትንሽ ፊልተር ሠራንለት። በመስመሩ ላይ 33 ኦም ሬዚስተር፣ ከዚያ በኋላ ከመስመሩ ወደ ግራውንድ (የጋራው መመለሻ ሽቦ) 3.3 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፤ ካፓሲተሩ ቀጭኑን ድምፅ ወደ ግራውንድ ያሳልፈዋል። ሬዚስተሩና ባለ 32 ኦሙ ሄድፎን ለካፓሲተሩ በትይዩ ስለሚታዩት 16 ኦም ያህል ይሆናሉ፤ ስሌቱን ብትሠሩት መቁረጫው (ከዚያ በላይ ያለው ድምፅ መድከም የሚጀምርበት) 3,000 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ጆሮ አንድ አንድ። ካፓሲተሩ ፖላሪቲ (የፕላስና የማይነስ ጎን) የሌለው ይሁን። ሬዚስተሩንም አትናቁ። እኔ አንዴ "ካፓሲተሩ ይበቃል" ብዬ ማጉያው መውጫ ላይ ቀጥታ አሰርኩት። ማጉያው ራሱ ምልክት እያመነጨ መወዛወዝ ጀመረና ጣቴን እስኪያቃጥል ጋለ። አንዳንድ ማጉያ ፊት ለፊቱ ካፓሲተር ሲያይ እንዲህ ያብዳል።

ይህ ፊልተር የዋህ ነው፤ ቁልቁለቱ ዝግ ያለ ነው። ጠንከር ያለ ከፈለጋችሁ በሬዚስተሩ ፋንታ 2.2 ሚሊሄንሪ ኮይል (የሽቦ ጥቅል)፣ በካፓሲተሩ ፋንታ 1 ማይክሮፋራድ አድርጉ። ለ32 ኦም ሄድፎን 3,300 ኸርዝ አካባቢ ይቆርጣል፣ ቁልቁለቱም እጥፍ ነው። የኮይሉ ሽቦ ቀጭን ከሆነ ድምፁን ስለሚበላባችሁ ወፈር ያለ ምረጡ።

ግን ስስት አያሸንፋችሁ። እኔ አንድ ሌሊት ጸጥታው ጣመኝና ፊልተሬን እስከ 1,800 ኸርዝ አጠበብኩት። እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! ከዚያ ከአንድ ሰው ጋር ስነጋገር የጥሪ ምልክቱን (የጣቢያውን መለያ ፊደላት) ስጽፍ "ኤፍ" ያለውን "ኤስ" ብዬ መዘገብኩት። ፈ እና ሰ የሚለያዩት ቀጭኑ ድምፅ ላይ ነው፤ እሱን ከቆረጣችሁት ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ፊደል ለመለየት የምንጠቀምባቸው "ፎክስትሮት" (ኤፍ) እና "ሲዬራ" (ኤስ) የሚባሉት ቃላት የሚያድኑን ከእንዲህ ዓይነቱ ስህተት ነው። ሰውየው ሦስት ጊዜ "ፎክስትሮት" ብሎኝ ነው የገባኝ። ለንግግር ከ2,400 በታች ባትወርዱ ይሻላል። ለሞርስ ግን ከዚህም በላይ ማጥበብ ትችላላችሁ።

የራዲዮው ዲጂታል ጫጫታ መቀነሻስ? በጥቂቱ ጥሩ ነው። ሲበዛ ሰውየው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ጫጫታ የሚያጠፉ የሚባሉት ሄድፎኖች ደግሞ የሚያጠፉት የክፍሉን ጫጫታ ነው እንጂ በገመዱ የሚመጣውን ሽሽታ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ገንዘቡን ይከሰክሳል።

ስለ ጆሮ አንዴ ልናገርና ልተው። የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ኒዮሽ 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አይሰማ ይላል። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። ሌሊቱን ሙሉ የራዲዮ ውድድር ላይ የምትቀመጡ ልጆች ይህን ቁጥር ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉት።

ፊልተሩን ትንሽ ሳጥን ውስጥ ከተን፣ ሲፈለግ የሚያስገባና የሚያስወጣ ማብሪያ ማጥፊያ አደረግንለት። ልጁ ሄድፎኑን አድርጎ ማብሪያውን ጫን ሲያደርገው ፊቱ ተለወጠ። "ጠፋ እንዴ?" ብሎ ራዲዮውን አየ። አልጠፋም። ትንሽ ቆይቶ ደካማ ሞርስ ከሥር ብቅ አለችለት፤ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ ተከተላት።

ከዚያ ሄድፎኑን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ። ማብሪያውን ደጋግሞ ጫነው፤ አስገባ፣ አወጣ፣ አስገባ።

"ልዩነቱ ተሰማዎት፣ ጋሼ?"

"የቱ?" አልኩት።