ጋጥ ወይስ በረት?

አንድ አንባቢ ከመንዝ ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦ «በአያቴ ቤት ውስጥ ጥጃዎቹና በቅሎዋ የሚያድሩበትን ቦታ በረት ብዬ ብጠራው ዘመዶቼ ‹ጋጥ ነው› ብለው አረሙኝ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? በገና ‹በበረት ተወለደ› ስንልስ ተሳስተናል? ጎታና ጎተራስ አንድ ናቸው?»

ዘመዶችዎ ልክ ናቸው። በረት ከቤት ውጭ በእሾህ ወይም በድንጋይ ካብ የታጠረ፣ ጣራ የሌለው የከብት ማደሪያ ነው። ጋጥ ግን ከጣራ ሥር ነው። በደጋ ቤት ከምሰሶው ወዲያ በእንጨት የተከለለውን ቦታ ያስታውሱ፤ ጥጃው ችካል ላይ ታስሯል፣ ከፊቱ ገለባ የሚቀርብበት ግርግም አለ፣ ሌሊት የከብቱ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቀዋል። ከበላዩ ደግሞ ቆጥ። ዛሬ ቆጥ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዶሮ ብቻ ነው፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለላት ሴት ግን ልታወርድ የተንጠራራችው ዕቃ ነው።

ጋጥን «ጋጠ» ከሚለው ግስ አወጣዋለሁ፤ ግጦሽም ከዚያው ነው። እንዲህ ከሆነ ቃሉ አስቀድሞ የጠራው እንስሳው የሚበላበትን ነው፤ ማደሪያውን የጠራው ኋላ ሰፍቶ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም ፍች ይዞልናል። ኢሳይያስ 1፥3 «በሬ የገዢውን አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ» ሲል መብያውን ማለቱ ነው፤ ዕብራይስጡም «ኤቡስ» ይላል፣ የመኖ ገንዳ። ዕንባቆም 3፥17 ግን በጎቹን በበረት፣ ላሞቹን በጋጥ ያኖራቸዋል፤ እዚህ ጋጥ ማደሪያ ሆኗል።

ወደ ገናው ልደት ስንመለስ፣ «ግዕዙ ጎል ነው የሚለው፤ ጎል ግርግምም ነው፣ የከብት ማደሪያም ነው፤ ስለዚህ በረት ብንል ምን ገዶን» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ግዕዝ በአንድ ቃል የጠቀለለውን አማርኛ ለይቶ ከሰየመው፣ የተለየውን መልሶ መደባለቅ ለቋንቋው ድህነት ነው። ሉቃስ 2፥7 በአማርኛው «በግርግም አስተኛችው» ብሎ ያበቃል፤ ስለ ክፍሉ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ክፍሉን መጥራት የግድ ያለው ሰው ጋጥ ይበል፤ መብያንም ማደሪያንም የያዘ፣ ለጎል የሚቀርበው የአማርኛ ቃል እሱ ነው። አራሷንና ሕፃኑን ጣራ በሌለው በረት ውስጥ ማሳደር ለጆሮዬ ይከብደኛል።

ሆኖም ማስረጃው ሁሉ ከእኔ ጋር አይደለም። ለበግና ለፍየል እኔ የምመርጠው ጉረኖን ነው፤ ዮሐንስ 10፥1 ግን «የበጎች በረት» ይላል፣ ዕንባቆምም እንዳየነው በጎቹን በበረት አስገብቷቸዋል። የከተማው ወተት አርቢም ቆርቆሮ የለበሰውን፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነውን የላም ቤት በረት ይለዋል፤ ሰሚውም ግር አይለውም። «በበረት ተወለደ» በምእመኑ አፍ ከገባ ቆይቷል። ስሕተት ነው ብዬ ልሰርዘው አልችልም፤ እኔ ግን አልጽፈውም። በሪፖርት የለመድነውን «የእንስሳት ማቆያ»ን ደግሞ ፈጽሞ አልቀበለውም፤ በረት፣ ጋጥና ጉረኖ እያሉ ምን ጎድሎን?

ጎታና ጎተራ አንድ አይደሉም። ጎታ ከጭድና ከአዛባ ጋር በተቦካ ጭቃ ይሠራል፣ ቤት ውስጥ ይቆማል፤ እህሉ የሚቀዳው ከታች ካለው ቀዳዳ ሲሆን ቀዳዳው በጨርቅ ይወተፋል። ጎተራ ትልቅ ነው፤ ደጅ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ይቆማል፣ ሣር ክዳንም አለው። ሉቃስ 12፥18 ላይ ባለጠጋው «ጎተራዬን አፍርሼ ሌላ የሚበልጥ እሠራለሁ» ያለውም ይህንኑ ነው።