ድምፅ አለ፣ ምስል የለም፤ አዲሱን ትልቅ ቲቪ ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ «4 ዓመት ያገለገለን ባለ 50 ኢንች ቲቪ አለን። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ክብ ክብ ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። ቀጥሎ ምስሉ ወደ ሰማያዊ አደላ። ከዓመት በፊት አሠርተነው 8 ወር ያህል ደህና ነበር። አሁን ስንከፍተው 2 ሰከንድ ያህል ምስል ያሳይና ይጨልማል፤ ድምፁ ግን ይቀጥላል። ስለሰለቸን አዲስ ልንገዛ ነው። ሳሎናችን ከሶፋው እስከ ቲቪው 2 ሜትር ከ80 ነው። ከሶፋው ጀርባ ትልቅ መስኮት አለ። ልጆቹ በጎን በኩል ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ቀኑን ሙሉ ዜና ይከፈታል፣ ማታ ፊልም እናያለን። በአንድ ዋጋ ሁለት አማራጭ አገኘን፤ አንዱ 75 ኢንች ሆኖ በጣም ስስ ነው፣ ሌላው 65 ኢንች ሆኖ ወፈር ይላል። የቱን እንውሰድ? የምናስቀምጠው በድሮው ጠረጴዛ ላይ ነው።»

መልስ፦ ጥያቄዎን ሳነብ ቀድሞ የያዘኝ መስኮቱ ነው። ከሶፋው ጀርባ ከሆነ፣ ቀን ቀን ብርሃኑ ስክሪኑ ላይ ያርፋል። ምስሉ ይደበዝዛል። ከቤቱ አንድ ሰው ሪሞቱን ያነሳና ብርሃኑን 100 ያደርሰዋል። ማታ የሚቀንሰው የለም። 4 ዓመት ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ 100 ላይ። ቲቪውን የገደለው ይሄ ይመስለኛል፤ ምልክቶቹም ወደዚያው ነው የሚመሩት።

ክብ ነጭ ነጠብጣብ ማለት ከስክሪኑ ጀርባ ያሉት ትናንሽ አምፑሎች ላይ የተለጠፈችው የፕላስቲክ ሌንስ ወድቃለች ማለት ነው። ሙጫዋ በሙቀት ደርቆ ይለቃል። ሰማያዊ መሆኑ ደግሞ የአምፑሎቹ ቢጫ ሽፋን እንደተቃጠለ ይናገራል። ነጭ ኤልኢዲ በውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ነጭ የሚያስመስለው ያ ሽፋን ነው። 2 ሰከንድ በርቶ መጥፋቱስ? ከአምፑሎቹ መስመር አንዱ ተበጥሷል ወይም ሾርት አድርጓል። መቆጣጠሪያው ይህን ሲያይ መብራቱን ይዘጋዋል። ድምፁን ስለማይመለከተው እሱ ይቀጥላል። ማረጋገጥ ከፈለጉ ማታ የሳሎኑን መብራት ያጥፉ። ቲቪውን ይክፈቱና የስልክዎን ባትሪ ስክሪኑ ላይ አስጠግተው ያብሩበት። ምስሉ ፈዞ ከታየዎት ፓነሉ ጤነኛ ነው፤ የሞተው ባክላይቱ፣ ማለትም ከጀርባ የሚያበራው መብራት ብቻ ነው።

ከዓመት በፊት የተደረገው ጥገና ግን ያናድደኛል። በቅርቡ እንዲሁ «ተሠርቶ ነበር» የተባለ ቲቪ ከፍቼ ነበር። ከ8ቱ የአምፑል ዘንጎች የተቀየረው አንድ ብቻ ነው። አዲሱ ዘንግ ከሌሎቹ ይበልጥ ነጭ ያበራል፣ ያውም ከአሉሚኒየም ይልቅ ስስ ፋይበር ላይ የተሠራ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሙቀቱን አያስወጣም። የወደቁት ሌንሶች በሱፐር ግሉ ተለጥፈው ጭስ እንደመታው መስታወት ነጥተዋል። አንዷ የተቃጠለች አምፑል በሽቦ ታልፋለች። ነጩ አንጸባራቂ ወረቀት በየአምፑሉ ዙሪያ ቡናማ ሆኗል። እንዲህ ያለ ሥራ ጥቂት ወራት ቢያስኬድ ነው። ቀሪዎቹ አምፑሎች እኮ ያን ያህል ጊዜ አብረው የተጠበሱ ናቸው። ሲቀየር ሁሉም በአንድ ላይ፣ ቮልቴጁም ከድሮው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ነው የሚቀየረው። 3 ቮልት አምፑል ያለበት ቦታ የ6 ቮልት አይገባም።

አሁን አንድ ነገር ረዘም አድርጌ ላስረዳዎት። ይህ ከገባዎት ሻጭ የሚናገረውን ሁሉ በራስዎ ይመዝኑታል።

«ኤልኢዲ ቲቪ» የሚለው ስም ሰውን ያሳስታል። ምስሉን የሚሠሩት ኤልኢዲዎቹ አይደሉም። ምስሉን የሚሠራው ኤልሲዲ ፓነሉ ነው፣ እሱ ደግሞ በራሱ አንዲትም ብርሃን አያወጣም። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ የተሰቀለ መጋረጃ ያስቡ። ሲገልጡት ብርሃን ይገባል፣ ሲዘጉት ይጨልማል። ፓነሉ የእንደነዚህ ያሉ ጥቃቅን መጋረጃዎች ስብስብ ነው። 4ኬ ስክሪን 3840 በ2160 ነው፤ ይህም 8.3 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ የየራሱ መጋረጃ አለው። ኤልኢዲዎቹ ከኋላ ሆነው እንደ ፀሐይዋ ዝም ብለው ያበራሉ።

ችግሩ፣ የትኛውም መጋረጃ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም። ከጀርባ መብራቱ እስከበራ ድረስ ጥቂት ብርሃን ያመልጣል። ማታ ክፍሉን አጨልመው ፊልም ሲያዩ የሌሊቱ ሰማይ ግራጫ የሚሆንብዎት ለዚህ ነው። ቪኤ የሚባለው ፓነል ደህና አድርጎ ይዘጋል፤ ነጩ ከጥቁሩ 3000 እጥፍና ከዚያ በላይ ይደምቃል። ግን ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይገረጣል። አይፒኤስ የሚባለው ከጎንም ቀለሙን ይይዛል፤ ጥቁሩ ግን ደካማ ነው፣ ልዩነቱ 1000 እጥፍ አካባቢ ነው።

ጥቁሩን ጥቁር የሚያደርገው ሌላው ብልሃት ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን መብራት ጨለማ በሆነበት ቦታ ብቻ መቀነስ ነው። አምፑሎቹ ጀርባውን ሞልተው ይደረደራሉ፣ በክፍል በክፍል ይከፈላሉ፣ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይደምቃል ይደበዝዛል። ፉል አሬይ ሎካል ዲሚንግ የሚሉት ይህንን ነው። ለአምፑሎቹና ለብርሃኑ መሰራጫ ቦታ ስለሚያስፈልግ ቲቪው ይወፍራል። በጣም ስስ በሆነው ላይ ግን አምፑሎቹ ብዙውን ጊዜ ጠርዝ ላይ ናቸው። ከታች ወይም ከጎን ሆነው ብርሃናቸውን በአንድ ግልጽ ፕላስቲክ ሰሌዳ ውስጥ ይልካሉ። እንግዲህ ጥግ ላይ ያለችን ጨረቃ ለማብራት የስክሪኑ አንድ ሰፊ ሰንበር አብሮ መብራት አለበት። ሙቀቱም በሙሉ ያቺ ጠባብ ጠርዝ ላይ ይታጨቃል። እንደ እርስዎ ቤት ቀኑን ሙሉ ደምቆ ለሚውል ቲቪ ይህ ጥሩ አይደለም።

ስለዚህ ምርጫዬ ወፍራሙ 65 ነው፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ወፍራም ሁሉ ሎካል ዲሚንግ የለውም። ርካሾቹ አምፑሎቹን ከኋላ ደርድረው ሁሉንም በአንድ ላይ ነው የሚያበሩት። የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ይዘው የአምራቹ ዝርዝር ላይ «ፉል አሬይ» መባሉን ያረጋግጡ። የሻጩ ቃል አይበቃም።

መጠኑም ይስማማዎታል። 65 ኢንች ማለት ከጥግ ጥግ 165 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 144 ገደማ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ያለውን ልኬት በ1.6 ቢያባዙ ለመደበኛ እይታ፣ በ1.2 ቢያባዙ ለፊልም የሚመች ርቀት ይወጣል። ለ65 ከ2 ሜትር እስከ 2 ሜትር ከ64 ይሆናል። የእርስዎ 2 ሜትር ከ80 ትንሽ ያልፈዋል፣ ግን አያስቸግርም። 75ም ቢሆን ለርቀቱ አይበዛም፤ ሁለቱ ቲቪዎች በጥራት እኩል ቢሆኑ እሱን ይውሰዱ እል ነበር። ግን አብዛኛውን ቀን የምታዩት ዜና ነው። ጥራቱ ዝቅ ያለ ሥርጭት ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር ጉድለቱ ይጎላል።

ኦሌድ የሚባለው የቲቪ ዓይነትስ? እዚያ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ይበራል፣ በራሱ ይጠፋል፤ መጋረጃ የሚባል ነገር የለም። ጥቁሩን የሚስተካከለው የለም፣ ከጎንም አይበላሽም። ቤትዎ ማታ ብቻ ፊልም የሚታይበት ቢሆን እሱን እመክር ነበር። ነገር ግን የዜና ጣቢያ አርማና ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ መደብ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ከቆመ በጊዜ ብዛት ጠባሳ ይተዋል። ኪውኤልኢዲ የሚባለው ደግሞ ስሙ ቢመሳሰልም ኦሌድ አይደለም። ያው ኤልሲዲ ነው፤ ቀለሙን የሚያሻሽል ንጣፍ ተጨምሮበታል።

አሁን ስለ ጠረጴዛው። ትልቅ ቲቪ ሳይታሰር ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ አይቀመጥም። 65 ኢንች ክብደቱ 20 ኪሎ አካባቢ ነው፣ 75 ደግሞ ወደ 30 ይጠጋል። ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ልጅ ተነስቶ ጠርዙን ቢይዝ ወይም መሳቢያውን ቢረግጥ ወደ ራሱ ነው የሚገለበጠው። በዚያ ላይ የብዙዎቹ የዛሬ ቲቪዎች እግር ዳርና ዳር ስለሆነ የ50 ኢንች ጠረጴዛ ላይ ላይቆም ይችላል። በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ርቀት ከመግዛትዎ በፊት በሜትር ይለኩ። እግሩ ከጠርዙ ጋር እኩል ከሆነም ጠረጴዛው አልበቃውም።

ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ይሻላል። ከቲቪው ጀርባ ያሉትን 4 የብሎን ቀዳዳዎች ርቀት ወርድና ቁመት ለክተው የሚገጥም ብራኬት ይግዙ፤ የሚችለው ክብደት ከቲቪው እጥፍ ቢሆን ደስ ይለኛል። ብሎኖቹ ብዙውን ጊዜ ኤም6 ወይም ኤም8 ናቸው። ርዝመታቸውን ይጠንቀቁ፣ የረዘመ ብሎን ውስጥ ገብቶ ቦርድ ይነካል። ከብራኬቱ ጋር የሚመጣውን የፕላስቲክ ፊሸር አልወደውም፣ ለስላሳ ነው፣ ሲጠብቅ ይሽከረከራል። ጠንካራውን ለብቻው ይግዙ። ግድግዳው ጂብሰም ከሆነ ብሎኑ ውስጥ ያለውን እንጨት ወይም ብረት መያዝ አለበት፤ ጂብሰሙን ብቻ ይዞ አይሸከምም። ከፍታውን ሶፋው ላይ ተቀምጠው ይወስኑ። የስክሪኑ መሃል ከዓይንዎ ብዙ ባይርቅ አንገትዎ ያመሰግንዎታል። ቦታ ካለ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ትተው ጎኑን ይምረጡ። ካልሆነ ወፍራም መጋረጃ ያድርጉ።

ሱቅ ሲሄዱ ፍላሽ ይያዙ። ጨለማ የበዛበት የፊልም ቁራጭና ሙሉ ግራጫ የሆነ ምስል ይጫኑበት። ሱቅ ውስጥ ቲቪዎች ሁሉ ዓይን እንዲስቡ ተደርገው ነው የሚከፈቱት። ሪሞቱን ይጠይቁና የምስል ምርጫውን ወደ «ሲኒማ» ወይም «ፊልም» ይለውጡ። በግራጫው ላይ ጥቁር ሰንበር ወይም የጠቆረ ጥግ ይፈልጉ። ከዚያ ልጆቹ የሚቀመጡበትን ቦታ ያህል ወደ ጎን ሄደው ቁጢጥ ብለው ይዩት። የሰው ፊት ከገረጣ ልጆቹን ወደ መሃል ማምጣት ወይም ሌላ ፓነል መፈለግ ይኖርብዎታል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈ የእንቅስቃሴ ቁጥር ቢያዩ አይመኑት፤ የፓነሉ እውነተኛ ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ምስሉን የሚያድስበት ብዛት፣ 60 ነው ወይስ 120 ብለው ይጠይቁ። ለዜናና ለፊልም 60 ይበቃል። ኳስና ጌም የሚበዛበት ቤት 120 ቢያገኝ ጥሩ ነው።

ቤት ሲያደርሱ ቁሞ ይጓዝ፣ ለሁለት ይያዝ፣ ስክሪኑን በእጅ አይጫኑት። እንደገጠሙት መጀመሪያ ሜኑ ውስጥ ገብተው «ባክላይት» የሚለውን ያውርዱ። ጣሪያው 100 ከሆነ ለማታ ከ40 እስከ 50 ይበቃል፣ ለቀን እንደ መስኮቱ ከፍ ያድርጉት። ብዙ ቲቪዎች ላይ «ብራይትነስ» የሚለው የጥቁሩን ደረጃ እንጂ መብራቱን አይነካም፤ በቅርብ ሞዴሎች ግን ራሱ መብራቱ ሊሆን ይችላል። እየቀነሱ ይዩት። ግራጫው ብቻ ከጠቆረ ትክክለኛው እሱ አይደለም።

የድሮውን አይጣሉት። በባትሪው ምስል ከታየዎት፣ ሙሉ የአምፑል ስብስብ ተቀይሮለት ለመኝታ ቤት ይሆናል። ራስዎ የሚከፍቱት ከሆነ ከሶኬት ነቅለው ይቆዩ። ፓወር ቦርዱ ላይ ያለችው ትልቋ ካፓሲተር እስከ 400 ቮልት ልትይዝ ትችላለች፤ በቴስተር ለክተው ባዶ መሆኗን ሳያረጋግጡ እጅዎን አያስገቡ። ፓነሉን የሚያነሱት ሁለት ሰው ሆናችሁ ነው፣ መስታወቱ ስስ ነው። መኝታ ቤት ሲገባም፣ ባለ 50 ኢንች ቢሆንም እንኳ፣ ከግድግዳው ጋር ይታሰር። ልጆቹ እዚያም ይገባሉ።