የጌታው ልጅና የደን ዘበኛው

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ ነው፣ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። የእንግሊዛዊውን ደራሲ የኢ.ኤም. ፎርስተርን «ሞሪስ» የሚለውን ልብወለድ ሰሞኑን ጨረስኩት። ሞሪስ የደህና ቤተሰብ ልጅ ነው፣ መጨረሻ ላይ የጓደኛው ርስት ላይ ዘበኛ ከሆነው ከአሌክ ጋር በፍቅር ይጠፋል። ክፍል ውስጥ ሁሉም ወንድ ለወንድ መፋቀራቸው ላይ ነው የሚያፈጠው፣ እኔን ግን የሀብታምና የድሃው ነገር ነው ግራ ያጋባኝ። እኩያውን ቢሰጠው ምን ነበረበት?

መልስ፦ እኩያውንማ ሰጥቶት ነበር እኮ! ክላይቭ አለ አይደል፣ ካምብሪጅ አብሮት የተማረው ባለርስቱ። ምን አደረገ፣ ግሪክ ደርሶ መጣና ሀሳቡን ቀየረ፣ አገባ፣ ፖለቲካ ገባ፣ በቃ። የሚያጣው ነገር ያለው ሰው ነዋ። ሕጉም ቀልድ አልነበረም፣ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1885 የወጣው ሕግ ወንድ ከወንድ ጋር በመሆኑ እስከ ሁለት ዓመት እስርና ከባድ የጉልበት ሥራ ያስፈርድ ነበር፣ ደራሲው ኦስካር ዋይልድ በ1895 እስር ቤት የገባው በሱ ነው፣ እና አንድ የፍቅር ደብዳቤ እጁ የገባ ሰው «ብር አምጣ አለዚያ አጋልጥሃለሁ» ማለት ይችል ነበር። ስለዚህ ጌታና አሽከር ሲዋደዱ ጌታው ገንዘብ አለው አሽከሩ ምስጢር አለው፣ ሁለቱም ይፈራራሉ።

መጀመሪያ ላይ አሌክ ጉርሻ አልቀበልም ሲል ሞሪስ እንዴት እንደተናደደ አየህ? ለኔ ግን ዋናው ብሪቲሽ ሚዩዚየም ውስጥ የተገናኙበት ነው። አሌክ እየዛተበት፣ ሞሪስም እልህ ይዞት፣ በመሀል የሞሪስ የድሮ አስተማሪ ከች ይልና ስሙ ጠፍቶት በሌላ ሰው ስም ይጠራዋል። ሞሪስ ምን አለ፣ «ስሜ ስከደር ነው»። የዘበኛውን ስም! የአክሲዮን ደላላ፣ ኮት የለበሰ ሰው፣ አስተማሪው ፊት አሽከር ሆነ። ከእኩያው ጋር ቢሆን ይሄ ትዕይንት ከየት ይመጣል?

ፎርስተር ከሜዳ አላመጣውም። በ1913 ሼፊልድ አጠገብ ኤድዋርድ ካርፔንተር ቤት ሄዶ ነበር፣ ካርፔንተር የካምብሪጅ ምሁር ነው፣ አብሮት የሚኖረው ፍቅረኛው ጆርጅ ሜሪል ደግሞ የሼፊልድ ድሃ ሰፈር ልጅ። ሜሪል የፎርስተርን ወገብ ነካ ቢያደርገው ልብወለዱ ያኔውኑ ተፀነሰ፣ ይሄን ራሱ ፎርስተር ነው የፃፈው።

አንተ የጎጃም ልጅ ስለሆንክ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ትዝ ሳይሉህ አይቀሩም። ሐዲስ ዓለማየሁም የድሃ ተማሪና የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ አፋቅረው የዘር ቆጠራውን ጉድ አሳዩን፣ ግን ፍቅሩ መቃብር ነው የገባው። ፎርስተር በተቃራኒው በደስታ ካላለቀ ሞቼ እገኛለሁ አለ፣ ቢሰቀሉ ወይ ራሳቸውን ቢያጠፉ ኖሮ ለማሳተም አይቸገርም ነበር፣ እሱም ይሄን ያውቃል። እምቢ በማለቱ መጽሐፉ መሳቢያ ውስጥ ከረመ፣ ሕጉ በ1967 ሲላላ እንኳን አላወጣውም፣ የታተመው በ1971 እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ቅር የሚለኝ አሌክ ራሱ ነው። ወደ አርጀንቲና የሚሄደውን መርከብ ተወ፣ ወንድሙ ያዘጋጀለትን ሥራ ተወ፣ ሞሪስም ቢሮውን ይተዋል፣ ግን የሞሪስን ኪሳራ ገፅ በገፅ ስናይ የአሌክን የምንሰማው በጨረፍታ ነው፣ ሀብታም ድሃን ሲወድ ደሃው ብዙ ጊዜ ጫካ ጫካ ይሸታል። ለክፍል የምትፅፍ ከሆነ አሌክ የላካቸውን ደብዳቤዎች ብቻ ለይተህ አንብባቸው፣ እዛ ጋ የራሱ ድምፅ አለ።