123,456,789 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይ ላልከው
አይደለም ወንድሜ፤ ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ነው። አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬ እስኪመጣ ሶፍት ላይ ሞከርኩት። አሃዞቹን ደምራቸው፣ 45 ይመጣል፤ 45 ለ9 ስለሚካፈል ቁጥሩም ያለ ቀሪ ለ9 ይካፈላል፣ እንዲያውም አሃዞቹን እንደፈለግክ ብታዘበራርቃቸው ድምሩ ያው 45 ነውና ከ9 አታመልጥም። ስታካፍለው 13,717,421 ይሰጥሃል። ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ይሄኛው 3,607 ሲባዛ በ3,803 ነው፣ ሁለቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፣ ግን በእጅ ልፈልግ ካልክ ሶፍቱም ማኪያቶውም ያልቃል፤ እኔ ራሴ በስልኬ ነው የጨረስኩት። ይልቅ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ፦ ያንኑ 123,456,789 በ8 አባዛውና 9 ደምርበት። 987,654,321 ቁጭ!