ቂንጬ ወይስ ቁንጫ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዶክተር። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ቡቺ የሚባል ስድስት ዓመት የሞላው ውሻ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚበላው ከእኛ የተረፈውን ፍርፍር፣ አንዳንዴ ቂንጬ፣ ሲገኝም ከሥጋ ቤት የማመጣለትን ሳንባ ነው። ሰሞኑን ከአሜሪካ የመጣው የእህቴ ልጅ ቡቺ ወገቡን ሲያክ አየና «አክስቴ፣ ለውሻ እህል መርዝ ነው» ብሎ «ከእህል ነፃ» የሚል የታሸገ ምግብ ገዛለት። ከረጢቱ ሲያልቅ መልሼ የምገዛበት አቅም የለኝም። እውነት እህል ውሻን ይጎዳል?
የቡቺ አሳዳጊ

መልስ፦ እትዬ፣ የእህትዎን ልጅ አይቆጡት። እኔም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እንደ እሱ ነበርኩ። ፒያሳ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ወገቡ እስኪላጥ የሚያክ ውሻ ይዘው መጡ። ምን እንደሚበላ ስጠይቃቸው «ቂንጬ» አሉኝ። ቂንጬው ይቁም ብዬ አዘዝኩ። አዛውንቱ ከጡረታቸው ቆርሰው ወር ሙሉ ሥጋ ገዙለት፤ ውሻው ግን ማከኩን አልተወም። ሁለተኛ ሲመጡ ጅራቱ ሥር ያለውን ፀጉር ገለጥ ሳደርግ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያለ ጥቁር ብናኝ አየሁ። ቆንጠር አድርጌ እርጥብ ጥጥ ላይ ሳስቀምጠው ዙሪያው ቀላ። የቁንጫ ኩስ ነበር፤ ቁንጫዋ የመጠጠችው ደም ስለሆነ ውኃ ሲነካው ይቀላል። ቂንጬን ከስሼ ቁንጫን በነፃ አሰናብቻለሁ ማለት ነው። አዛውንቱ «ግድ የለም ልጄ፣ ቃሉ ይመሳሰላል» ብለው ሳቁ። እኔ ግን የዚያ ወር የሥጋ ሒሳብ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ዛሬውኑ የቡቺን ፀጉር ጅራቱ ሥር ገልጠው ይዩ። እርጥብ ነጭ ሶፍትም ይበቃል።

ወደ እህሉ ልመለስ። ውሻ የተኩላ ዘመድ ቢሆንም ሆዱ ከሰው ጋር ኖሮ ተለውጧል። በፈረንጆቹ 2013 የስዊድን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ እህል ውስጥ ያለውን ስታርች የሚፈጨውን የቆሽት ኢንዛይም የሚያዘው ዘረመል በተኩላ 2 ቅጂ ብቻ ሲኖረው በውሻ ከ4 እስከ 30 ቅጂ ተገኝቷል። በደንብ የበሰለ ቂንጬ፣ ሩዝ ወይም እንጀራ ለጤነኛ ውሻ አይከብደውም። ስንዴ የሚያስቆጣው ውሻ አልፎ አልፎ አለ፤ በምግብ አለርጂ ግን ከስንዴ በፊት የሚጠረጠሩት የበሬ ሥጋ፣ ወተትና ዶሮ ናቸው።

የተገዛውን ከረጢት ደግሞ ገልብጠው ከምን እንደተሠራ ያንብቡት። በብዛት አተር፣ ምስርና ሽምብራ ሳያገኙ አይቀሩም። በእኛ ቤት እነዚህ እህል ካልሆኑ ሽሮው ከምን ተሠራ ሊባል ነው? ፈረንጆቹ እህል የሚሉት ስንዴውን፣ ሩዙን፣ በቆሎውን ነው፤ ጥራጥሬው ሲገባ «ነፃ» ነው ይላሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 እንዲህ ያሉ ምግቦች የውሻን የልብ ጡንቻ አሳስቶ ልብን ከሚያሰፋ በሽታ ጋር ይያያዙ እንደሆነ መመርመር ጀምሮ ነበር። ጥፋተኛነታቸው አልተረጋገጠም። እኔም ከረጢቱን ይጣሉት አልልም፤ ግን «ከእህል ነፃ» የሚለው ጽሑፍ የጤና ምስክር ወረቀት አይደለም።

እኔን ያስደነገጠኝ ፍርፍሩ ነው። ጤፉ ምንም አላደረገም፤ ነገሩ ያለው ቁሌቱ ላይ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲበላ ቆይቶ ደሙ የሚያንሰው ውሻ አለ። ጨውና ቅባቱ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው። የቡቺን እንጀራ ወጥ ሳይነካው ይለዩለት። የሻገተ ከሆነ ግን «ለውሻው ይሁን» የሚባለውን ልማድ ይተዉ፤ አንዳንድ ሻጋታ ውሻን አንዘፍዝፎ የሚጥል መርዝ አለው። የዳቦ ሊጥም አይድረስበት፤ ሆዱ ውስጥ ኩፍ ይላል።

ሳንባውን ጥሬውን ሰጥተውት ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። በጥሬ ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ እብጠት የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል እጭ ሊሆን ይችላል። ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በእጅና በምግብ ወደ እርስዎ ይመለሳል። በደንብ ይቀቀል። የተቀቀለ አጥንት ግን ተሰነጣጥቆ አንጀት ስለሚወጋ አይስጡት።

ቂንጬውን ያለ ጨው፣ ያለ ቅቤና ያለ ሽንኩርት ቀቅለው ከተቀቀለ ሳንባ ወይም ከእንቁላል ጋር ይለውሱለት። ቂንጬ ብቻውን አይበቃውም። ሥጋ ብቻውንም ካልሲየም ይጎድለዋል፤ ለዚህ ማሟያ ሐኪም ያማክሩ። ከረጢቱን በአንድ ጊዜ አያቋርጡት፤ ሳምንት ያህል እያቀላቀሉ ይለውጡት፣ አለበለዚያ ሆዱን ያስቀምጠዋል።

የእህትዎ ልጅ ቡቺን መርዳት ከፈለገ የቁንጫ መድኃኒት ይግዛለት። መድኃኒቱ የሚለካው በክብደት ነው። መጀመሪያ ልጁ ብቻውን ሚዛን ላይ ይውጣ፣ ቀጥሎ ቡቺን ታቅፎ ይውጣ፤ ልዩነቱን ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ።