መልስ፦ የሬዲዮ ጣቢያ ድረ ገጽ፣ ድምፁ የት ይቀመጥ?

ወንድሜ፣ የማኅበረሰብ ሬዲዮችሁን ገጽ በዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) ሠርተህ ድምፁንም እዚያው ሰርቨር ላይ መጫን ያዋጣ እንደሆነ ለጠየቅከው፦ ዎርድፕረሱ ይሁን፣ ድምፁን ግን ለየው። በ64 ኪሎቢት ሞኖ የተቀዳ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም 29 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ለንግግር ይበቃል። የቀጥታ ስርጭቱን 500 ሰው አንዴ ከከፈተው ግን በሰከንድ 32 ሜጋቢት ይፈልጋል። እሱን የቀጥታ ድምፅ ለብዙ አድማጭ ለሚያሰራጨው ሶፍትዌር ለአይስካስት ስጠው፣ ያውም በሌላ ማሽን።

ዋናው ጣጣ ግን ዳታቤዙ፣ ማለትም የገጹ መረጃ የሚከማችበት መዝገብ ላይ ነው። የአሜሪካው የሕዝብ ሬዲዮ ኤንፒአር በ2008 (በፈረንጅ) ኤፒአይውን፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች ዘገባውን የሚወስዱበትን በር መክፈት የቻለው ዘገባውን ከገጹ ዲዛይን ለይቶ ስለሚያስቀምጥ ነው፤ አንዴ የተጻፈው ለድረ ገጽም፣ ለስልክም፣ ለአባል ጣቢያዎችም ይደርሳል። አንተም ለርዕሱ፣ ለአዘጋጁ፣ ለተላለፈበት ቀንና ለድምፅ ፋይሉ የየራሱን ቦታ ስጥ። አዘጋጆች ሁሉንም አንድ ሳጥን ውስጥ መለጠፍ ይወዳሉ፣ እሺ እንዳትላቸው! ይህ ከተስተካከለ የፖድካስቱ አርኤስኤስ (የፖድካስት መተግበሪያዎች አዲስ ክፍል የሚያገኙበት ዝርዝር ፋይል) በቀላሉ ይወጣል። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጥ፣ ለአንባቢ ስታሳይ ወደ እኛ ቀይረው።

ደግሞ የድምፁ ሰርቨር ከፋይሉ መሐል ቆርሶ መላክ መቻሉን ሞክር፤ «ከፊሉን ልኬያለሁ» የሚለውን የ206 ኮድ ካልመለሰልህ አድማጭ ወደፈለገው ደቂቃ መዝለል ያስቸግረዋል።